ጳጉሜን ያልነበራት ወላጅ

የተወለድኩት ሐራ ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን 1982 ዓ.ም.። እናቴ ቀኑን የምታስታውሰው በዝናቡ ነው። የሩፋኤል ዕለት ነበርና የሰፈር ልጆች ራቁታቸውን ዝናብ ሲመቱ፣ ሲጮሁ ሰምታ በጩኸቱ መሀል ወለደችኝ። እስከ ዛሬ ስለ ልደቴ ክርክር ከተነሳ "አንተ ከዝናቡ ጋር ነው የመጣኸው" ትላለች፣ ክርክሩም እዚያው ያበቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ስሙን አላነሳም። መዝጋቢዋ የልደት ወረቀቴን አየችና ኮምፒዩተሩ ላይ የወር ዝርዝሩን ዘረገፈችው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ነሐሴ ላይ አለቀ። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። ጳጉሜን የለም። "ነሐሴ 30 ልበልልህ?" አለችኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ፣ ሰው ያጉረመርማል፣ እኔም "በይው" አልኩ። ከዚያ በኋላ የልደት ወረቀቴ ሌላ፣ የመዝገቡ ወረቀት ሌላ ሆነ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ የተመላለስኩበትን ጊዜ ብነግራችሁ ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።

ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ሐራ ስሄድ የአክስቴ ልጅ አስታወሰኝ።

ሐራን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በባቡሩ ነው፤ ከአዋሽ ተነስቶ ኮምቦልቻን አልፎ የሚመጣው መስመር መዳረሻው ሐራ ገበያ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ባቡር የሚጠብቅ ልጅ አይደለም። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከወሰዱት አንዱ ነው። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን ይሰካል፣ ሲጠፋ ይተኛል። ያን ሰሞን ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መመዝገቢያ እየሠራ ነበር፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ፈልጓል። "ጋሼ፣ ያንተን ልደት ልሞክረው" አለና ጳጉሜን 3፣ 1982 ብሎ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ አላጉረመረመም፣ ስህተት አለ አላለም። በጸጥታ "መስከረም 3፣ 1983" ብሎ መለሰ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመና ለምን እንደሆነ መፈለግ ጀመረ። ዛሬ የምጽፈው እሱ ያገኘውን ነው፤ ጉዳዩ ከእኔ ልደት ይሰፋልና።

በፕሮግራም ሥራ "ውርስ" የሚባል ነገር አለ። ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ፕሮግራመር አንድን ነገር፣ ለምሳሌ "ተሽከርካሪ"ን፣ ምን ምን እንዳለውና ምን ምን መሥራት እንደሚችል አንድ ጊዜ ይጽፋል። ይህ ክላስ ይባላል። ከዚያ "አውቶቡስ" ሲፈልግ ከባዶ አይጀምርም፤ "አውቶቡስ የተሽከርካሪ ልጅ ነው" ብሎ ያውጃል። በዚያች አንዲት ቃል ወላጁ ያለው ሁሉ ለልጁ ይተላለፋል። ልጁ የጎደለውን ይጨምራል፣ የማይስማማውን ይቀይራል።

ሐሳቡ የተወለደበት ቦታ ደስ ይላል። ኦስሎ፣ ኖርዌይ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)። ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር የሚባሉ ሁለት ሰዎች በኖርዌይ የኮምፒዩቲንግ ማዕከል ሲሙላ የሚባል ቋንቋ እየሠሩ ነበር። ቋንቋው የተፈለገው የእውኑን ዓለም ሥራ በኮምፒዩተር አስመስሎ ለማየት ነው። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ ድልድይ ላይ ያለ የቀረጥ ኬላ ነው፤ ተሽከርካሪዎች ይሰለፋሉ፣ አንዳንዱ የጭነት መኪና ነው፣ አንዳንዱ አውቶቡስ። ከመርሳ ወደ ወልድያ ኬላ ላይ ቆሞ ያረፈደ ሰው ችግሩን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፤ አይሱዙውም አውቶቡሱም በአንድ ሰልፍ ነው የሚቆሙት፣ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰልፉ ሁለቱንም እንዲይዝ ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር ለብቻ አውጥቶ ከፊት ማስቀደም፣ የየራሳቸውን ከኋላ መቀጠል አስፈለገ። በ1967 በወጣው ሲሙላ ውስጥ ይህ ገባ። ውርስ የሚለው ስም የመጣው ግን ኋላ ላይ ነው፤ እነሱ የሚናገሩት ስለ ማስቀደም ነበር። ሁለቱም በ2001 የኮምፒዩተር ዓለም ኖቤል የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ፣ በ2002 ሁለቱም በሳምንታት ልዩነት አረፉ።

ስሙ ውርስ መሆኑ በእኔ እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል። ውርስ ሲባል እኛ የምናስበው መሬት፣ ቤት፣ በሬ ነው። ወሎ ውስጥ ርስት ማለት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በአባትም በእናትም ወገን እየተቆጠረ እስከ አቅኚው አያት የሚደርስ መብት ነበር። ሰው የአያቱን ማሳ ሲወርስ የአያቱን አስተሳሰብ እንዲወርስ አይገደድም፤ አያቱ ማሽላ ቢዘራ እሱ ጤፍ ይዘራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ወራሽ ውርሱን አልቀበልም እንዲል መብት ይሰጠዋል። የኮምፒዩተር ውርስ ግን ማሳውን ብቻ አይሰጥህም። አያትየው "ዓለም እንዲህ ናት" ብሎ ያሰበውን ሁሉ አብሮ ይጭንብሃል። አልፈልግም ብትል እንኳ የተውከው ነገር እዚያው ከሥርህ ተቀምጦ ይሠራል።

የአክስቴን ልጅ የጣለው ይኸው ነው።

እሱ የሚጽፈው በጃቫ ነው፤ ጄምስ ጎስሊንግ እና ባልደረቦቹ ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሠርተው በ1995 ያስተዋወቁት ቋንቋ ነው። ጃቫ በ1997 ካሌንደር የሚባል ወላጅ ክላስ መጣለት፤ ሥራው ታሊጀንት ከሚባል፣ አፕልና አይቢኤም በጋራ ካቋቋሙት ድርጅት የመጣ ነው። የካሌንደር ታዋቂ ልጅ የጎርጎርዮስ ካሌንደር ነው። የአክስቴ ልጅ አሰበ፦ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር የሚለየው በወር ስምና በዓመት ቁጥር አይደለም እንዴ? ስለዚህ "የኢትዮጵያ ካሌንደር የጎርጎርዮስ ካሌንደር ልጅ ነው" ብሎ አወጀና የወሮቹን ስም ቀየረ። ጃንዋሪ የነበረውን መስከረም አለው፣ ፌብሯሪን ጥቅምት፣ እያለ ወረደ።

ለ13ኛው ወር ደግሞ ወላጅየው ቤት ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። የጃቫ ካሌንደር 13ኛ ወር አለው! ስሙ ኡንዴሲምበር ነው። ዲሴምበር በላቲን "አሥር" ከሚለው እንደመጣ ሁሉ ይህም "አሥራ አንድ" ከሚለው ቃል የተበጀ ነው። የጃቫ ሰነድ ስለ እሱ የሚለው አጭር ነው፤ የጎርጎርዮስ ካሌንደር አይጠቀምበትም፣ የጨረቃ አቆጣጠሮች ግን ይጠቀሙበታል። ፀሐይን ተከትሎ 13 ወር የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩን ያ ሰነድ አያነሳም። ወላጅየው ገና ላልተወለደ ልጅ አንድ ክፍል ሠርቶ ነበር፤ ግን ለማን እንደሚሠራ አላወቀም፣ የራሱ ልጅም አልገባበትም።

የአክስቴ ልጅ ጳጉሜንን እዚያ ክፍል አስገባ። ወላጁ ግን ጎርጎርዮስ ነው፤ በእሱ ዘንድ ከ12ኛው ወር ቀጥሎ ያለው የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ወር ነው። በተፈጥሮው ደግሞ ገር ነው፤ ከልክ ያለፈ ቁጥር ሲሰጡት አይቆጣም፣ ራሱ "አስተካክሎ" ይቀበላል። የ13ኛው ወር 3ኛ ቀን ሲባል የቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ወር 3ኛ ቀን አደረገው። የእኔ ጳጉሜን 3፣ 1982 ወደ መስከረም 3፣ 1983 የተሻገረችው በዚህ መንገድ ነው። ከመዝጋቢዋ ጋር አወዳድሩት፤ እሷ ቢያንስ "ነሐሴ 30 ልበልልህ?" ብላ ጠይቃኛለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሳቅ ብቻ ነው። ጥቅምት በፌብሯሪ ወንበር ላይ ተቀምጧልና 28 ቀን ብቻ ሆነ፤ ጥቅምት 30፣ 1982 ሲል ኅዳር 2 አለው። መስከረም 31 ሲል ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀበለው። ልጁ ብልህ ነውና "ወሩ ስንት ቀን አለው?" የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰውን ክፍል ቀየረና ለሁሉም 30 እንዲል አደረገ። ሲጠየቅ 30 ይላል። ሲያሰላ ግን አሁንም 28 ነው! ምክንያቱም ወላጅየው በውስጡ ሲያሰላ ያንን ጥያቄ አይጠይቅም፣ የራሱን የቆየ ሠንጠረዥ ነው የሚያየው። አፉ በአበሻ፣ ሆዱ በፈረንጅ።

የዘለለው ዓመት ጉዳይም አለ። በእኛ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ነበራት፤ 2016 አልነበራትም። ጎርጎርዮስ የሚያውቀው ለ4 የሚካፈለውን ነው፤ 2015 አይካፈልም፣ 2016 ይካፈላል። ስለዚህ ከወላጁ የወረሰው ልጅ ጳጉሜን 6ን ከ2015 ነጥቆ ለ2016 ሰጣት።

ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት የኮምፒዩተር ሰዎች ስም ከሰጡት ቆይቷል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰሯ ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 ባደረገችው ንግግር ያነሳችው ሐሳብ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ሐሳቡ በእኛ አነጋገር፦ ልጅ በወላጁ ቦታ ተልኮ ቢሄድ፣ ወላጁን የሚጠብቀው ሰው ልዩነቱን አይቶ መጨነቅ የለበትም። አውቶቡስ ተሽከርካሪ በሚጠበቅበት ኬላ ላይ ያልፋል። የኢትዮጵያ ቀን ግን ጎርጎርዮስ በሚጠበቅበት ቦታ ቢላክ ሁሉን ያደናግራል፤ ስለዚህ ልጁ አይደለም።

የታይላንድ ነገር እዚህ ላይ ያስተምራል። ታይላንዶች ዓመት የሚቆጥሩት ከቡድሃ ነው፤ 2025 በእነሱ 2568 ነው። ወሮቻቸው ግን የፈረንጁ ወሮች ናቸው፣ ዓመታቸውም ከ1941 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ነው የሚገባው። ልዩነቱ 543 መደመር ብቻ ነው። ጃቫ ውስጥ የታይላንዱ ካሌንደር የጎርጎርዮስ ልጅ ሆኖ ተጽፏል፣ ሒሳቡም ይሠራል። እንዲያም ሆኖ "ዛሬን ስጠኝ" የሚል ፕሮግራም ታይላንድኛ በተሞላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሄድ ሳያስበው 2568 ይቀበላል፣ የፈረንጅ መስሎት መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ሕጋዊ ልጅ እንኳ ይህን ያህል ካደናገረ የእኛ ምን ሊያደርግ ነው?

ጃቫ ራሱ በገዛ ቤቱ ያበላሸውም አለ። ስታክ የሚባል ክላስ አለ፤ እንደ እንጀራ ቁልል ነው፣ የምታነሳው ከላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ቬክተር ከሚባል ወላጅ ስለወረሰ ማንም ሰው ከመሀል መዝዞ እንዲወስድ በሩ ክፍት ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝ ታይምስታምፕ የሚባለው ነው። ዴት ከሚባል ወላጅ ወርሷል፣ ግን ከወላጁ ይልቅ ረቂቅ የሆነ ሰዓት ይይዛል። ሁለቱን "እኩል ናችሁ?" ብለህ ስትጠይቅ አባት አዎ ሲል ልጅ አይደለንም ሊል ይችላል። አባት ልጁን ያውቀዋል፣ ልጅ አባቱን አላውቅም ይላል። ሰነዱ ራሱ ይህን ዝምድና እንደ እውነተኛ የዓይነት ውርስ አትዩት፣ የአሠራር ብድር ነው ብሎ ያስጠነቅቃል።

ወደ ካሌንደሩ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ስህተት ከኮድ በፊት የታሪክ ስህተት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር አባታችን አይደለም። የጥንት ግብፆች ዓመት 12 ጊዜ 30 ቀንና 5 ጭማሪ ቀን ነበረው። በአውግስጦስ ዘመን በየ4 ዓመቱ 6ኛ ቀን ተጨመረበት። ከዚያ ግንድ ቅብጦች ወረሱ፣ እኛም ወረስን። ጳጉሜን የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ "የተጨመሩ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ዩልዮስ ቄሳር የሮማን አቆጣጠር ሲያድስ ያማከረው የእስክንድርያውን ሶሲጌኔስን ነው፤ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን መጨመርን ከዚያ ወሰደ፣ የሮማን ወሮች ግን ርዝመታቸው እንደተዘበራረቀ ተዋቸው። ያንን በ1582 ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አስተካከሉት። እንግዲህ ዝምድና ካለን የአጎት ልጅነት ነው። የአጎትህን ልጅ አባቴ ነው ብለህ ብታስመዘግብ የውርስ ክርክርህ ፍርድ ቤት አይቆምም።

ይህን የዘር ሐረግ በትክክል የጻፉ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ደስ ያለኝም እዚህ ጋ ነው። አይሲዩ የሚባል፣ በዓለም ያሉ ቋንቋዎችንና አቆጣጠሮችን ለኮምፒዩተር የሚያሰናዳ ክፍት ሥራ አለ፤ ሥሩ ከዚያው ከታሊጀንት ቤት ነው። እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያው ካሌንደር የጎርጎርዮስ ልጅ አይደለም። የቅብጡም ልጅ አይደለም፣ ቅብጡም የእኛ ልጅ አይደለም። ሁለቱ የሚጋሩትን ብቻ የያዘ አንድ ወላጅ ተሠራላቸውና ከእሱ እንደ ወንድማማች ወጡ። ሁለቱን የሚለያቸው የዘመን መነሻ ነው። ቅብጦች ከዲዮቅልጥያኖስ፣ ከ284 ይጀምራሉ፤ በእኛና በእነሱ መካከል 276 ዓመት አለ፣ የእኛ 2017 የእነሱ 1741 ነው። ከዓመተ ምሕረት ሌላ ዓመተ ዓለምም ተካቷል። እስጢፋኖስ ኮልበርን የሚባል እንግሊዛዊ የጀመረው ጆዳ ታይምም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ፤ ወሩ ቋሚ ርዝመት ያለው፣ ከ12 ወር የተረፈው ቀን 13ኛ ወር የሚገባበት ወላጅ አለው፣ ኢትዮጵያና ቅብጥ ሁለቱም የእሱ ልጆች ናቸው። ውርስ ሁሉ ክፉ ነው የሚሉትን ወገኖች የማልከተለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ዘመኑ ከውርስ እየሸሸ ነው። በ1994 አራት ደራስያን ባሳተሙት ታዋቂ የንድፍ መጽሐፍ ከመውረስ ይልቅ አቀናጅቶ መያዝን መክረዋል፤ "ልጁ ነኝ" ከማለት "አብሮኝ ይሠራል" ማለት። ጆሹዋ ብሎክ በ2001 መጽሐፉ ክላስህን ለውርስ አስበህ አዘጋጅ፣ ያለዚያ ዝጋው አለ። በ2014 ጃቫ አዲስ የጊዜ ክፍል ሲያወጣ፣ ኮልበርን ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ፣ የቀን ክላሶቹ ማንም እንዳይወርሳቸው ተዘግተው ወጡ። አዲሱ ክፍል የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሒጅራን አቆጣጠር ይዞ መጣ። የእኛን አልያዘም፤ ለእኛ ከውጭ የሚጨመር ሌላ ጥቅል መፈለግ ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔትም የፋርስን፣ የዕብራውያንን፣ የኮርያን ሲደረድር የኢትዮጵያን አልደረደረም።

በዚህ ሰዓት አገር ውስጥ መዝገብ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የልደት ቀን የባንክም፣ የትምህርትም፣ የስልክም ቁልፍ እየሆነ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ውስጥ የሚወለድ ሕፃን አለ። የእነሱን ቀን የሚጽፈው ኮድ በአብዛኛው የሚጀምረው "ልጁ ነው" በምትል አንዲት ቃል ነው፣ ያንን ቃል የሚጽፈውም እንደ አክስቴ ልጅ ያለ ወጣት ነው። ሠልጣኝ ሲሠለጥን እንዴት እንደሚወርስ በመጀመሪያው ወር ይማራል። መቼ መውረስ እንደሌለበት ግን የሚማረው፣ ከተማረ፣ እንዲህ ሐራ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የውርሱን ቃል ሰረዛት። አዲሱ ሥራው ከማንም አይወርስም። በውስጡ የሚይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከመነሻው ቀን ጀምሮ ስንት ቀን አለፈ የሚል። ያለፉትን ዓመታት በ365 ያባዛል፣ በየ4 ዓመቱ አንድ ይጨምራል፣ ያለፉትን ወሮች በ30 ያባዛል፣ ቀኑን ይደምራል። ጳጉሜን ልዩ ሕግ አላስፈለጋትም፤ 13ኛ ሆና በዚያው ሒሳብ ገባች። የእኛን ሒሳብ ከፈረንጁ የሚያቀለው ይህ መሆኑን ሳየው ነው ያመንኩት። የፈረንጁ ቀን ሲያስፈልግ ያንን ቁጥር ለጃቫው ይሰጠዋል፣ እሱ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል።

ማታ መብራት ሳይጠፋ ሞከርነው። ጳጉሜን 3፣ 1982 አለው፤ ሴፕቴምበር 8፣ 1990 አለ። ጥቅምት 30 ጥቅምት 30 ሆኖ ቆመ። ጳጉሜን 6፣ 2016 ሲለው እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ መለሰ፣ ጳጉሜን 6፣ 2019 ሲለው ሴፕቴምበር 11፣ 2027 አለ። እናቴን ጠርተን አሳየናት። ስክሪኑን አየችና "ዝናቡንስ ጻፋችሁት?" አለች።

ያኛው መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ወረቀት አሁንም ነሐሴ 30 ይላል።